የአርባ ስድስት ሼቅል አጥር

ሐይፋ ቁልቁለት ናት፤ ቤታችን መጨረሻው፣
ከኋላ በራችን ሸለቆው መነሻው።
ዘጠኝ እርምጃ መሬት፣ ድንጋይ የነበረ፣
በባልዲ በባልዲ አፈር የተጨመረ፤
እዚያ ላይ ድንች አለኝ፣ እዚያ ላይ ጎመኔ፣
የሰው ደረጃ አጥቤ ስገባ ማረፊያው ለኔ።

ማክሰኞ ሲነጋጋ መደቤ የለም፤
ሰፈሩ በሙሉ ሰላም ነው፣ ሰላም።
ጎመኑ ከነሥሩ ተገልብጦ ተኝቷል፣
ድንቹ ግማሽ ግማሽ ተነክሶ ተትቷል።
ከርከሮ ናት፣ እናት፣ ከነአምስት ልጆቿ፤
ጭቃው ላይ ጽፋልኝ ሄዳለች በእግሮቿ።

ባሌ ቢያድግልኝ በፒጃማው ወጥቶ፣
ራሱን ነቅንቆ፣ ትንሽ ዝም ብሎ ቆይቶ፦
«ብገድላት አልበላት፣ ባልገድላት በላችኝ፤
ሕጉም ለሷ አድልቷል፤ ማን ይፍረድልኝ?»

ሱቅ ሄደን ጠየቅን፣ የብረት አጥር ዋጋ፤
ሰውየው ሲጠራው ጆሮዬ ተወጋ።
እናቴ «ጎመን በጤና» እያለች ነው ያደግሁት፣
ጎመኑም ጤናውም አጥር እንደሚሻ እዚህ ነው ያወቅሁት።

ከዚያ መልቀም ጀመርን፣ ማታ ማታ።
የፍሪጅ መደርደሪያ፣ ሁለት፣ ከነዝገቱ፤
ሦስት ፓሌት ከሱቅ ጓሮ፣ አንደኛው ከነስብራቱ፤
ከፈረሰ ግንብ ሥር ጎባጣ ጎባጣ ፌሮ፣
ከወደብ የተጣለ የዓሣ መረብ፣ ተቋጥሮ።

ዞያ ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት አየችን፣
በተሰበረ ዕብራይስጥ ወደ ላይ ጠራችን።
የኔም የተሰበረ ነው፤
ስብርባሪው ግን ገጠመ፣ ተግባብተን አረፍነው።
የሕፃን አልጋ ሰጠችን፣ ርብራቡ ነጭ ቀለም፤
«የሬናታ ነበር» አለች፤ ሬናታ አሁን እዚህ የለም።
ስንት ቤት ሲቀየር ሊጣል ያልተጣለ፣
አንዱ ዘንግ ላይ የወተት ጥርስ ንክሻ ያለ።

ሽቦ ብቻ ገዛን፣ የጥቅል ትራፊ፤
አርባ ስድስት ሼቅል። ሌላው ሁሉ የሰው ተራፊ።

ቢያድግልኝ አለኝ፦ «ከርከሮ ሽቅብ አያይም፤
አጥር ስላስረዘምሽ ተስፋ አይቆርጥም።
በአፍንጫው ነው የሚገፋ፣ ከታች ነው ብልሃቱ፤
ቁመቱን ተይውና ይለካ ጥልቀቱ።»

አንድ ክንድ ቆፈርን። ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ ነው።
ሽቦውን ቀብረን ጫፉን ወደ ውጭ አጠፍነው፤
ልትቆፍር ብትመጣ
የምትረግጠው ያንኑ የሚከለክላትን ነው።
ፌሮው ካስማ ሆነ፣ ፓሌቱ ግድግዳ፤
መረቡ ከላይ ተዘረጋ ለወፍ፣ ላልተጠራ እንግዳ።
የፍሪጁ መደርደሪያ ጥጉ ላይ፣ ለጃርት።
የሬናታ አልጋ በር ሆነ፣ ማጠፊያው የጎማ ቁራጭ፣ ማሰሪያው ቀበቶ፤
ትናንት ልጅ የተኛበት፣ ዛሬ ድንቼ ከኋላው ተኝቶ።

ሐሙስ ሌሊት መጣች። መብራት አጥፍተን አየናት።
ገፋች። ሽቦው ጮኸ። ዞረች፣ ሌላ ጥግ ሞከረች።
ቢያድግልኝ በጨለማው እጄን ጭምቅ አድርጎ ያዘና፣
ስንት ዓመት ሆነው እንዲህ ከያዘኝ! ረሳሁት እንደገና፣
ምክንያቱም አንዷ ግልገል፣ ድመት የምታክል፣
ሾለከች በአልጋው ርብራብ መካከል።

ገባች። መውጫው ጠፋት። ጩኸቷ ሰፈሩን ቀሰቀሰ፣
የእናትየው ንዴት ሽቦውን አራሰ።
«ሂድ ክፈት!» «አንቺ ሂጂ!» ተባባልን፤
በመጨረሻ በመስኮት፣ በመጥረጊያ እንጨት፣
ቀበቶውን ፈታን።
ግልገሏ ወጣች። እናቷ አላመሰገነችም።
ወደ ሸለቆው ሲወርዱ አንዴም አልዞረችም።

ከላይ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ዞያ በሌሊት ልብሷ
ስትስቅ ሰማናት፣ ወይ ስታለቅስ፣ አይለይም ድምፅዋ፦
«ሬናታም በዚያው ነበር የምትወጣ!
ስንቴ አሰርኩት፣ ስንቴ፣ ያው ወጣች፣ ወጣች።»

ጠዋት ቆጠርኩ፦ የጎደለው አንድ ሥር ድንች ብቻ።
ሦስት ሼቅል ጨምሬ ቀጭን ሽቦ ገዛሁ፣
ዘንግ ከዘንግ ጠመጠምኩ፣ ክፍተቱን ደፈንኩ፤
ያቺ ንክሻ ያለችበት ላይ ስደርስ ግን
ከሥሯ አዞርኩት፣ እንዳትሸፈን።