ግራ ገባኝ

ቆጣሪ አነባለሁ በየሰው ግድግዳ፣
የበላውን መብራት፣ ያለበትን ዕዳ።
የዚያን ቀን ተረኛው ዓለም ገና ነበር፣
ከጅማ መንገድ ዳር፣ ከሲኖትራክ ሰፈር፤
ሙዘይን ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ባጥር ባጥር፣
ቆራሌው ያመጣው፣ ቀን የጣለው ክምር።

ከራዲያተር ሥር፣ ከብስክሌት ቸርኬ፣
ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ ንባቤን አስታክኬ።
ጎኑ ጠይም እንጨት፣ ሳንቃ የመሰለ፣
ፊቱ ነጣ ያለ ብረት፣ አቧራ ያዘለ፤
አምስት ማዞሪያ አለው፣ አንዱ ጥርሱ ወልቆ፣
ሁለት የመርፌ መስኮት፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ጠልቆ።
ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ፣ ካጎቴ ሱቅ ግድም፣
ዳንቴል ለብሶ ሲኖር፣ የማይነካው ማንም።

«ስንት ነው?» አልኩት። ሙዘይን ሚዛኑን አየ።
«በኪሎ ነው» አለኝ። «ደግሞስ ምን ተለየ?»
ዐሥራ አራት ኪሎ ወጣ። ሒሳቡን ከፈልኩኝ፣
ሰርቆ እንደሚሸሽ ሰው ባጃጅ ተሳፈርኩኝ።

ሰበታ ስደርስ፣ አስካለ ከበራፉ ላይ፣
«ደግሞ ሬሳ አመጣህ?» አለች ሳጥኑን ስታይ።
ሬሳ ነው እውነትም። ሰካሁት፤ ዝም አለ፤
የተቃጠለ ሽታ ቤቱን አካለለ።

ካራ ቆሬ ይኖራል አንድ ሽማግሌ፣
ጋሽ ጉርሜሳ ይባላል፣ ካሮጌው ቀበሌ፤
የራዲዮ ሐኪም፣ የቴፕ አስታማሚ፣
በአንድ ጆሮው ብቻ የዓለም ወሬ ሰሚ።

ክዳኑን ሲከፍተው ትንፋሹን ዋጠ፣
የሸረሪቱን ድር በላባ ገላለጠ።
ከትራንስፎርመሩ ጎን፣ በእርሳስ የተጻፈ፣
«ጥር ስድሳ አምስት፣ ታይቷል»፤ ፊርማው የረገፈ።
«ይሄ እጅ ያውቅ ነበር» አለና ዝም አለ፣
ለማያውቀው ሰውዬ ቆቡን ከራሱ ነጠለ።

ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ካፓሲተር ከመርካቶ፣
አንዱን ደግሞ ከሞተ ቴሌቪዥን ፈትቶ።
ዋጋውን ስጠይቅ፣ «ገንዘብህን ተወው፤
አንድ ሸክላ ሙሉ፣ ቁጭ ብዬ ልስማው።»

እሑድ ከሰዓት መጣ፣ ኮቱን ለባብሶ፣
አሮጌ ክራቫቱን ካንገቱ መልሶ።
መብራት እንዳይሄድብን ተሳልኩኝ በልቤ፤
የመብራት ኃይል ሰው ሆኜ፣ ይኸው ነው ሐሳቤ።

ቁልፉን ተጫንኩት።
መጀመሪያ ዝምታ፣
ከዚያ ከሆዱ ውስጥ፣ ጠቅ።
ሁለቱ መስኮቶች ማር መሰሉ፣ እንደ መስከረም ማታ።
መርፌዎቹ ተነሡ፣ ከእንቅልፉ እንደ ባነነ፣
ሳክስፎኑ ሲገባ ግድግዳው ሰፊ ሆነ።
አይጮኽም ድምፁ፤ ይቀመጣል፣
ወንበሩን እንደሚያውቅ ዘመድ፣ ሳይጠሩት ይመጣል።
የዘፋኙ ትንፋሽ፣ ከንፈሩ ሲላቀቅ፣
የከበሮው ቆዳ ሲላላ፣ ሲጠብቅ።
አስካለ ሽንኩርት መላጥ ትታ ቆመች፣
ቢላዋውን እንደያዘች።

ጋሽ ጉርሜሳ ግን ግማሹን ነው የሚሰማው።
ግራ ጆሮውን ሰባ ላይ አንድ ጥፊ ወስዶታል፤
«የማን?» ስትለው፣ «የቀበሌ» ይልህና ብየዳውን ያነሣል።

ገጹ ሲያልቅ እጁን አነሣ፤
«መልሰህ አጫውተው» አለ ጋሽ ጉርሜሳ።
ከዚያ ወንበሩን አዞረ፤ ለሙዚቃው ጀርባ ሰጠ፣
እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳው ላይ አፈጠጠ፤
ቀኝ ጆሮው አሁን ከግራው ሳጥን ጋር ገጠመ።

በግራ በኩል አንድ ኦርጋን አለ፣
ከዘፈኑ ሥር ሥር የሚሄድ፣ ፈራ ተባ እያለ።
አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሰው ይስላል፤
ቀረጻው ውስጥ የቀረ፣ ስሙ ያልተጻፈ ሰው፤
ጋሽ ጉርሜሳ ዘፈኑን አርባ ዓመት ያውቀዋል፣
ሳሉን ግን ገና አሁን ሰማው።
«ይሄም ሰው ነበረ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ ግድግዳውን።

ትከሻው አንዴ ተነሣ፣ ወረደ። ሳቅ ይሁን አላየሁም፤
ፊቱን ማዶ አዙሯል፤ ልጠይቀው አልደፈርኩም።
«ግራ ገባኝ» አለ ቀስ ብሎ።
ቆየና ደግሞ፣ «ገባኝ፤
ግራው ገባኝ።»

ሲመሽ ታክሲ ተራ ድረስ ሸኘሁት።
ረዳቱ ከበሩ ወጥቶ፣ «ዓለም ገና! ዓለም ገና!» ይጣራል፤
ጋሽ ጉርሜሳ ቀኝ ጆሮውን ወደሱ አዙሮ፣
«ልጁ እውነቱን ነው» ይላል።