ስም ያልመጣለት ዓመት

ሸክላው እጄ ላይ ነው፣ ገና አልደረቀም፤
ተበዳሪው ቆሟል፣ ምስክር አልራቀም።
የገብሱን ልክ ጻፍኩ፣ ወለዱን አስልቼ፣
ለማኅተሙ ቦታ ከጠርዙ አስቀርቼ።
ወሩ ኒሳን ገብቷል፣ ቀኑ አራተኛ፤
የዓመቱ ስም ብቻ ጀልባ ላይ የተኛ።

በእኛ ዘንድ ዓመት በቁጥር አይታወቅም፤
ንጉሥ ካልሰየመው ውል ውስጥ አይዘልቅም።
"ቦይ ያስቆፈረበት"፣ "ግንብ ያፈረሰበት"፣
"ለፀሐይ መቅደስ ዙፋን ያሠራበት"
እያለ ይልካል፣ በጀልባ፣ በአህያ፣
ከቤተ መንግሥቱ እስከ እኛ ገበያ።
ሲዘገይም ዝም አንል፤ "ዙፋን ካሠራበት
የሚከተል ዓመት" ብለን እንጽፍበት፤
አባቱ ያልታወቀ በአያቱ እንደሚጠራ፣
ይኖራል በአምናው ስም፣ በውሰት፣ በአደራ።

ኡባሩም ነኝ፣ ጸሐፊ፣ ከሲፓር፣ ከወንዙ ሰፈር፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሸምበቆ ስወጋ ኖርኩ በአፈር።
የዓመታቱን ስሞች በተራ አውቃለሁ፣
ልክ እንደ ዘር ሐረግ ሽቅብ እቆጥራለሁ።
የመሬት ክርክር ሲነሣ ይጠሩኛል፤
"የበሩ ዓመት ከግንቡ ይቀድማል?" ይሉኛል።
"በስድስት" እላለሁ። ዳኛው ይቀበላል፤
የአንድ ሰው ርስት በዚያች ቃል ይሄዳል።

ሩቱም ግን፣ ባለቤቴ፣ በዚህ አትቆጥርም፤
ዙፋን ተለበጠ ቢሏት አንገቷ አይዞርም።
"ጨው ማሳውን በልቶ ነጭ ያደረገው ጊዜ"፣
"ወንዙ በሬያችንን ከነቀንበሩ የወሰደው ጊዜ"
ትላለች። ጎረቤትም በዚያው ይቆጥራል፤
ማኅተም የለበትም፣ ግን ሁሉ ይግባባል።

ያ የዙፋኑ ዓመት
ለእሷ ሌላ ስም አለው። አትጠራውም።
አዳር ወር ነበረ፤ ትኩሳት በየቤቱ ዞረ።
ናራምቱም አራት ዓመቷ።
ውኃ አለች፤ አጠጣናት። ደግማ ውኃ አለች።
ማሰሮው እንደ ሞላ፣ እሷ ጎደለች።

ቀብረናት ስመለስ ሰው ደጄ ጠበቀኝ፤
የሰሊጥ ደረሰኝ ጻፍልኝ ሲል ጠየቀኝ።
ጻፍኩለት። ከግርጌው፦ "ንጉሡ ለፀሐይ
የወርቅ ዙፋን ያሠራበት ዓመት" ስል፣ ከላይ
እስከ ታች አንድም ምልክት አልጎበጠብኝም።
እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይኸው ነው።

ያን ሌሊት ከጭቃው ጉንጭ ታህል ቆርሼ፣
ሩቱምን ሳልቀሰቅስ ኩራዜን ለኩሼ፣
"ናራምቱም ውኃ ያለችበት ዓመት" ብዬ ጻፍኩ።
ምስክር አልነበረም። ማኅተም የሌለው ድኻ
እንደሚያደርገው፣ ጠርዙ ላይ ጥፍሬን ተጫንኩ።
ሲነጋ ፈራሁ፤ ዓመት መሰየም የንጉሥ ነዋ!
አሮጌ ሸክላ ከሚነከርበት ጋን ጨመርኩት፤
ፊደሉ ለስልሶ ሲጠፋ ቆሜ አየሁት።
ተማሪዬ ከሌላው ጋር አቦካው፣ እያፏጨ።
ከዚያ ጭቃ የሱፍ ሒሳብ ወጣ፣ የጀልባ ኪራይ፣
የአንዲት ሞግዚት ደመወዝ፣
ደግሞ የበግ ስርቆት ክስ።

ተበዳሪው ያስላል። "ስንት ቀን ልቆይልህ?"
ወንዙ ላይ ጀልባ የለም፣ መቅዘፊያም አይሰማ።
"ዙፋን ካሠራበት የሚከተል ዓመት" ብዬ
ጨረስኩት። ሩቱም በሩን ተደግፋ ቆማ
ጭቃውን ታያለች፤ ማንበብ ግን አታውቅም።
"ዓመቱን ምን አልከው?"
"ካምናው የሚከተል።"
ዝም አለች ጥቂት።
"እሱስ ልክ ነው" አለች፤
ማሰሮዋን አንሥታ ወደ ወንዙ ወረደች።