የአውራ ጣት ፊርማ

ሙሐረቅ ሲነጋ ጉሉም ከውሃ ወጣ፣
ጀልባው ጫፍ ተንጠልጥሎ ትንፋሹ እስኪመጣ።
«ከታች ምን አገኘህ?» አለ ገዢው፣ ኪሱን ዳብሶ።
«ጭቃ» አለ ጉሉም፣ ፊቱን በጨርቅ አብሶ።

ዋሸ።

ማሰሮ ነበረ፣ ጎኑን አሸዋ የዋጠው፤
ከአፉ ብቅ ብላ አንዲት ዓሣ ገላመጠችው።
ከጆሮው ሥር ደግሞ፣ ሸክላው ሳይደርቅ የቀረ
የሠሪው አውራ ጣት ታትሞ ነበረ።
የራሱን ከተተበት። ልክክ አለ።

አላነሣውም፤ ፀሐይ ካየው ጨው ይሰነጥቀዋል።
ምልክትም አላሰረበት፤ ምልክት ሌባ ይጠራል።

ከቀትር በኋላ፣ ቅርስ ቢሮ፣ ለጸሐፊዋ፦
«ሚናሬቱ ከቴምሩ ዛፍ ጀርባ ሲደበቅ፣
እዚያ ነው።»
አሸዋ መጣጩ መርከብ ነገ እንዲዞር፣
ቀለም አስነክቶ
አውራ ጣቱን አተመ
ከወረቀቱ ሥር።