የአዳራሹ መዝገብ

ናይሰ ወንዝ ዳር፣ ፖላንድ ከመስኮት በምትታይ መንደር፣
ጥር ነበር።
ቶርስተን የሚሉት ሰው አዳራሹን ሊከራይ መጣ፤
ድምፁ አልጮኸም፣ ፊቱም አልተቆጣ።
«ለባህል ምሽት ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፤
ለወጣቱ ቡጢ፣ ሾርባ ለባለ ዕድሜ።»
የዓመቱን ኪራይ በፖስታ አሽጎ
ወደ ሒልትሩድ ገፋው፣ በጣቱ ጠጋ አድርጎ።

ሒልትሩድ ኖዋክ፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፣
የአዳራሹ ቁልፍ ሁልጊዜ ካንገቷ፣
ፖስታውን አየችው፤ ቶርስተንን አየችው።
ሦስተኛ ክፍል ሳለ ማባዛት ያስተማረችው
እሷ ናት።
«መዝገቡን ልይ» አለች። «አርብ ተመለስ።»

መዝገቡ ነጭ ነበር፣ ከጥር እስከ ጥር።
የሸክላው ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ሰርግም የለ፣ ማኅበር።
መጋረጃውን ብል፣ ፒያኖውን አይጥ፤
ባለቤት ያጣ ቤት እንግዳ አይመርጥ።
እኛ አገር ወና ቤት ባዶውን ሲከርም
ጋኔን ይገባበታል፤ ኪራይም አይከፍልም።
ይኼኛው ከፋይ ነው።

በዚያች ማታ ሒልትሩድ በበረዶ ወጣች፤
ደጅ አንኳኳች፣ ደጅ አንኳኳች፣ የዘጋባትን አለፈች።
ሰኞን ለጥንቸል አርቢው ለክሬችማር ሰጠች፤
ማክሰኞን ካርታ ለሚጫወቱት አራት ባልቴቶች፤
ረቡዕን ለእሳት አደጋ ፈቃደኞች፣ ቱቦ እንዲያሰጡበት፤
አርብን ጥሩምባ ለሚማሩ ልጆች፣ ሰፈሩ እንዲማረርበት።
ቅዳሜን፣ ያን የተፈለገውን ቀን፣
ቄሱና ጸሎት የማያውቀው ፋርማሲስት፣ ሃያ ዓመት ተኳርፈው፣
አንድ ላይ ያዙት። «ድንች እንቀቅላለን፣
የመጣ ይብላ» ብለው።
እሑድ የራሷ ነው፤ ወለሉን ትወለውላለች።

ሐሙስ ቀረ። እኔ ቤት ስትደርስ
የአረጋውያኑን አንሶላ ሳጥብ ውዬ፣ ገና ጫማ ሳላወልቅ፣ ገና ሳልጎርስ።
«ሐሙስ ያንቺ ነው። ምን ታውቂያለሽ?»

«ከየት መጣሽ?» ነበር የሚሉኝ እንጂ፣
ደፈር ያለም ሲኖር፣ «መቼ ነው የምትሄጂ?»
ምን እንደማውቅ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለ።
ዝም አልኩ ጥቂት። ልቤ ባሕር ዳር ኮበለለ፣
አባቴ ብስክሌት የሚያከራይባት ጠባብ ሱቅ፣
ጎማ ስንለጥፍ፣ ካቴና ስናጠብቅ።
«ብስክሌት» አልኳት። ጻፈች። ስሜን ጠየቀችኝ፤ «ስንዱ።»
ትርጉሙን ስነግራት ሳቀች። ወጥታ ሄደች፤ ነጭ ነበር መንገዱ።

አርብ ቶርስተን መጣ። መዝገቡን አዙራ አሳየችው፤
ከላይ እስከ ታች የሰው እጅ ጽሑፍ። ፖስታውን መለሰችው።
አሁንም አልጮኸም። «ትጸጸታላችሁ» ብቻ።
በማግስቱ በሩ ላይ ቀይ ቀለም፣ ክፉ ቃል፤
ክሬችማር ፋቀው፣ ደግሞ ፋቀው፤ ጥላው ዛሬም ይታያል።

ሁሉ ነገር አላማረም፣ አልዋሽም።
ቶርስተን አዳራሽ አላጣም፣
ከኮረብታው ማዶ የሌላ መንደር መብራት
ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ እኩለ ሌሊት።
ክሬችማርም ራሱ አንዳንዴ የሚለው ያመኛል፤
ግን ቁልፉን ሲያቀብለኝ፣ «የፊቱ ጎማ ይንሳፈፋል፣
ሐሙስ አምጥቼው ልይ?» ይለኛል።

ሚያዝያ፣ አንድ ሐሙስ፣ ዝናብ። አንድ ልጅ
ብስክሌት እየጎተተ ቆመ ከደጅ።
ካቴናው ተበጥሷል። ጃኬቱ የአባቱ ነው፣ አውቀዋለሁ፤
ኒልስ፣ የቶርስተን ልጅ። «ግባ» አልኩት፤ መፍቻ ሰጠሁ።
አልሠራሁለትም። «ያዝ፣ በዚህ በኩል፣ በግራ።»
ጥርሱን ነክሶ ታገለ፤ ሦስት ጊዜ አመለጠው፤ በአራተኛው ሠራ።
እጁ በግራሶ ጠቆረ፣ የእኔም።
ስለ አባቱ አላወራንም፣ ስለ ምንም።

ሲወጣ በሩ ላይ ዘወር አለ፣
ያን የተፋቀ ቃል በዐይኑ ተከተለ፤
አነበበው ይሆን? አላውቅም።
«ሐሙስ ሐሙስ ነው?» አለኝ። «ሐሙስ ሐሙስ፣ አይቀርም።»

ውስጥ ሒልትሩድ እርሳስ ትቀርጻለች፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነበር።
የሚመጣውን ዓመት ገልጣለች፤
ነጭ ነው፣ ከጥር እስከ ጥር።