ሰባት ቁጥር አልጋ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፥ ባሕሩ ከዳርቻው ሲርቅ፥
ጀልባ በጭቃ ላይ ሲጋደም፥ ጨረቃ ብቻ ስታውቅ፥
እኔ ኔልቼ
የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ዘግቼ፥
ሳፋዬን ለብ ባለ ውሃ ሞልቼ፥
ፎጣ በትከሻ፥ ሳሙና በኪሴ ይዤ፥
እገባለሁ ሰባት ቁጥር፥ ግማሽ ነቅቼ ግማሽ ፈዝዤ።

እዚያ የተኛው ፈርስላውስ ነው፤ የመንደራችን ቄስ የነበረ፥
በረጅም ጥቁር ካፖርቱ ስንቱን ልጅ ያሸበረ፤
ዛሬ ከአንሶላው የቀለለ፥
ስሙን ሲጠይቁት «እስኪ ጠይቄ ልምጣ» እያለ፥
ማንኪያና ማበጠሪያ የማይለይ፥
ቀን ግድግዳ፥ ማታ ጣሪያ የሚያይ።

ወንድሜ ማሪኑስ
በየካቲት ብርድ፥ በሃያ አንድ ዓመቱ፥ ገና ሳይነጋለት፥
ጫማውን ግድቡ ላይ ጎን ለጎን አኖረ፤ ካልሲውን አጥፎ ከተተበት።
ባሕሩ በሦስተኛው ቀን መለሰልን፤
ቤተ ክርስቲያን ግን ከደጇ መለሰችን።
እናቴ ስለ ደወሉ፥ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደወል ስትለምን
ቄሱ ወደ ደዋዩ ዞሮ
«ይቅር» አለ።
ቀና እንኳ ሳይል፥ ጓንቱን እያጠለቀ።
ደወሉ ቀረ።
እኔም ቀረሁ፤ ከመዝሙሩ፥ ከማዕዱ፥ ከበዓሉ፥
አርባ ዓመት እሑድን ተኝቼ አሳለፍኩ፥ «ጠፋች» ሲሉ።

በመጽሐፍ አልተመለስኩም፤ ራእይም አልታየኝም፥
ከባሕር ወፍ በቀር፥ ቆሻሻ ከሚበረብረው፥ ክንፍ ያለው ነገር አላየሁም።

ሽማግሌው ውሃ ይፈራል። ሳፋውን ሲያይ ይርበተበታል፥
«አታስገቢኝ፥ ጥልቅ ነው» ይላል፥ አንሶላውን በጥርሱ ይጎትታል።
መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር፤ መዋሸት አልችልም፤
«እንኳን! ቅመሰው» ብያለሁ በሆዴ፥ ድምፅ አላሰማሁም።
ውሃውን አቀዝቅዤም አውቃለሁ፥ ሁለት ሌሊት።
ለማንም አልተናገርኩም። ይኸው ጻፍኩት።

ትናንት ግን ክንዴን እስከ ክርኔ ከሳፋው አስገብቼ
«እየው፥ ጥልቅ አይደለም» አልኩት፥ ሌላውን እጄን ዘርግቼ፤
ያዘኝ። ጣቶቹ እንደ አሮጌ መረብ ተጠላለፉብኝ፥
«ጫማዎቹስ?» አለኝ፥
«አሁንም እዚያው ናቸው? ግድቡ ላይ? ማን አነሳቸው?»

ማንም መልስ አልነበረውም።
አርባ ዓመት ለካ አብረን ስንጠብቃቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን... እንዴት ብዬ ልበለው?
ብርሃን አልነበረም፤ አምፖሉም እንደ ወትሮው ይርገበገባል፤
ዝምታው ግን ፊት ነበረው።
ስም ላወጣለት ስል የሚርቅ፥ ስተወው የሚጠጋኝ፥
የማጥበው እግር የማን እንደሆነ እስኪጠፋኝ፤
የሽማግሌው ነው? የወንድሜ? ወይስ ሚስማር ያለፈበት የዚያ የሌላኛው?
አጠብኩ፤ በጣቶቹ መሃል፥ ከተረከዙ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፤
ያ «ጥልቅ አይደለም» ያልኩት ሳፋ፥ ወለል ታጣ ለጥልቀቱ።

እግሩን በፎጣ ጠቀለልኩ። ቃል ፈለግሁ። ጸሎት ከረሳሁ ቆይቻለሁ፤
«አባታችን ሆይ» ብዬ ጀመርኩ፥ እመንገድ ላይ ጠፋሁ።
የቀረኝ አንድ ቃል ነው፥
እሱው ያስተማረኝ፥ በዚያ ደጃፍ፥ ጓንቱን ሲያጠልቅ።
ወደ ጆሮው ተጠጋሁ፥ በቀስታ፥ እንዳይሳቀቅ፥
«ይቅር» አልኩት።

ሰማ አልሰማ እንጃ። አኮረፈ፥ ከዚያም አንኮራፋ።
እኔም ውሃውን ደፋሁ፤ አደረቅኩት ሳፋውን በቁራጭ ኩታፋ።

ሲነጋጋ ባሕሩ ተመለሰ፤
ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ከጭቃው ተነሡ።
እሑድ ነበር።
ስምንት ቁጥር ደወለ።
ሄድኩ።