ሞዴል ሃያ ሁለት

እኔ ንብረት ያዥ ነኝ፤ መድረክ አልወጣሁም፣
ቃል አላጠናሁም፣ ትከሻ አልሰበቅሁም።
ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከአዳራሹ ጓሮ፣
መስኮቷ በሽቦ፣ በካርቶን ታጥሮ፣
ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ማኅተም፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፤
ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት መርፌ አይወጣም ስል
ኖሬአለሁ።

ደብተሬ ላይ ያሉት ዓምዶች ሁለት ናቸው፤
ቋሚና አላቂ፣ ሦስተኛ የላቸው።
ከበሮ ቋሚ ነው። ኩል አላቂ ነው።
የእንጨት ጎራዴ ቋሚ። ሻማ አላቂ ነው።
ስለ ጭብጨባ የጠየቀኝ የለም።

ኅዳር ላይ ጀመሩ፤ የድንበር ሙግት ነው፣
ሁለት ወንድማማች፣ አንድ ቦይ ያጣላቸው።
ዳኛው ሽባባው ነው፣ የቢቸናው ልጅ፣
ሃያ ያልሞላው ሽማግሌ፤ ጢሙን ከበግ ቆዳ
ቆርጬ በሙጫ የለጠፍኩለት በዚህ እጅ።
በመጀመሪያው ምሽት፣ ፍርድ ሊሰጥ ሲል፣ ጢሙ ወለቀ።
አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ።
ሽባባው ጢሙን በመዳፉ ይዞ፣ አየት አድርጎት፣
«ይህም ይግባኝ አለው፤ ለሰኞ ቀጥሬዋለሁ» አለ።
አዳራሹ በሳቅ ተናደ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ
«ጢም፣ አንድ፣ የተበላሸ» ብዬ ጻፍኩ።

ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ተራው የዳንስ ሆነ።
ስሜነህ ከበሮውን ከከሰል ዳር እንደ አራስ ያሞቀዋል፤
የጮቄ ብርድ ቆዳውን ካላላው ድምፁ ያኮርፋል።
መምህር ልየው ሰሌዳ ላይ አጥንት በጠመኔ ስሎ
«ትከሻ ከየት ይነሣል?» ይላል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
አንጓች፣ የደምበጫዋ፣ ቃል የማይበዛላት፣
«ከተረከዝ» አለች። ሳቁባት።
በማግስቱ ምሽት ተነሥታ ስትወርደው
ሳቂው ሁሉ ተረከዙን ሲያይ አየሁት፤
የእኔም ጫማ ውስጥ አንድ ነገር ተነቃነቀ።
በደብተር አላሰፈርኩትም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ ከበሮውም ቁልፍ ሥር ገባ።
አንጓች ማታ ማታ በሬን በጣቷ ትመታለች፣
«ጋሼ፣ ልንካው ብቻ» ትላለች።
«ጾም ነው፤ ደግሞስ ሞዴል መች ሞላሽ?» እላታለሁ።
ስትሄድ በሩን ዘግቼ
እኔው ነካሁት አንድ ሁለቴ፣
በአመልካች ጣቴ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በመጋቢት ያለ ዘፈን አንድ ቴአትር ቀረበ።
እናት ስለ ልጇ የመጣ ደብዳቤ ታስነብባለች፤
አንባቢው መርዶውን ዘሎ ያልተጻፈ ሰላምታ ያነብላታል።
ከሦስተኛው ረድፍ የበር ዘበኛው ዓለምነው
«እየዋሸ ነው!» አለ ጮክ ብሎ፣
ከዚያ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ።

ግንቦት። የመዝጊያው ምሽት። ያው የድንበሩ ሙግት በድጋሚ።
ሽባባው ከወንበሩ ተሰየመ፤ አዲስ ጢም አለው፣ ቋሚ የሚመስል።
አፉን ሲከፍት በረዶ ቆርቆሮውን ደበደበው።
መብራት ሄደ።
ከንፈሩ በስልክ ብርሃን ይታያል፣ ቃሉን በረዶ ይውጠዋል።
ወንድማማቾቹ ተያዩ። መምህር ልየው እጁን አንሥቶ ተወው።
ያኔ አንጓች፣ ቃል የሌለው የጎረቤት ሚና የተሰጣት፣
ከጥግ ተነሥታ ከችሎቱ መሐል ገባች፣
በግራ ትከሻዋ ከሳሹን፣ በቀኟ ተከሳሹን ጠየቀች።
ስሜነህ ባዶ እጁን አየና ወደ እኔ ዞረ።

ጓሮውን በበረዶ ውስጥ ሮጥኩት። አንዱ ቁልፍ አልዞር አለኝ፤
ሁለተኛው ዞረ። ከበሮውን በጋቢዬ ጠቅልዬ
(ማን ፈረመ? ማን ጠየቀ?)
ስቸኩል የጓሮውን በር ረስቼ በፊት ለፊቱ ገባሁ፤
ሕዝቡ መንገድ ከፈተልኝ፣
እየተንጠባጠብኩ መድረኩን ረገጥሁ።

ፍርዱ ለማን እንደ ሆነ ዛሬም ያከራክራል።
ወንድማማቾቹ ግን በአንዱ ቦይ፣ በአራት ትከሻ ወረዱ።

ሰኔ ላይ ኦዲተር መጣ፣ ከባሕር ዳር።
«ይህ ከበሮ ያለ ሞዴል ወጥቷል» አለ።
አዎ። ኋላ በስሜ ፈርሜ፣ «ምክንያት» ከሚለው ትይዩ
«በረዶ» ብዬ ጽፌአለሁ።
ጣቱን ከቃሉ ላይ ሳያነሣ ቆየና
«ቋሚ ነው አላቂ?» አለኝ።

ብዕሬን አነሣሁ።
እስካሁን እንዳነሣሁ ነኝ።