የብር ልክ

ጳጉሜ አምስት፣ ማምሻ። ከጅጋ ቁልቁል ወርጄ፣
ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በነጠላዬ ጋርጄ፣
ብር ወንዝ ዳር ቆሜአለሁ፤
በቀን ሁለቴ እንደማደርገው ውኃውን አያለሁ።

ጠዋት በአሥራ ሁለት፣ ማታም በአሥራ ሁለት፣
ቁጥር የተጻፈበት ቀጥ ያለ ብረት፣
ነጭና ጥቁር ሰረዝ፣ ከድልድዩ እግር ሥር፣
ምን ያህል እንደ ሞላ ይነግረኛል ብር።

ልመንህ፣ ጎረቤቴ፣ ባገኘኝ ቁጥር ይስቃል፦
«አንቺ ብርን ታውቂያለሽ፤ ብር ግን መች ያውቅሻል?»
እኔም እስቃለሁ። እውነቱን ነው መቼም፤
በወር የሚሰጡኝ ለዘይት ሲሉት ለሳሙና አይደርስም።
አሥራ ሦስተኛዋ ወር ደሞዝ የላትም፣ ጳጉሜ፤
ውኃው ይህን አያውቅም፤ እጠብቀዋለሁ ቆሜ።

ሥራው የአባቴ ነበር፤ ሃያ አንድ ክረምት ለካ፤
ሲሞት ሣጥኑን ብንከፍት፣ ደብተር ብቻ ነው ለካ፣
የጤፍ ቅንጣት የመሰለ ቁጥር ከዳር እስከ ዳር፣
አንዳንዱን አይጥ ቆርጥሞት፣ አንዳንዱን ኩራዝ ልሶት ነበር።
የነገረኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጎንበስ በይ ስታነቢ፤
ቆመሽ ከላይ ያየሽውን ደብተር ላይ አታስገቢ።»

ሌላው በዚህ ሰሞን የዘራውን ይቆጥራል፤
በቆሎው እሸት ይዟል፣ ዳጉሳው ይለመልማል።
እኔ የሄደ ነው የምቆጥር። ከቆጠርኩት አንዲት ጠብታ
እኔን አልጠበቀችም፤ ሄዳለች ዓባይ ገብታ።

ደብተሩ በየሦስት ወሩ ባሕር ዳር ይሄዳል፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል።
አንድ ሰው ብቻ መጣ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ፤
ጫማውን በሣር ጠርጎ፣ ፎቶ አንሥቶ ሄደ ሲሮጥ።

ግንቦት ላይ ደግሞ አዝመራው ፓምፑን ሊተክል መጣ፤
የአባቴን ደብተር ገልጬ «ከዋርካው ወዲህ አትምጣ፣
እዚህ ድረስ ይሞላል» አልኩት፣ ጣቴን ቁጥሩ ላይ አድርጌ።
«ውኃ ወረቀት ያነባል ወይ?» አለና ሄደ።
ሐምሌ ስምንት ሌሊት ብር ፓምፑን ወሰደ።
ሰማያዊው ቱቦ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤
ያን ዕለት ልመንህ እንኳ ሳይስቅ አደረ።
«ነግሬህ ነበር» ልለው አፌ ድረስ መጥቶ፣ ዋጥኩት።
መናገር ቀላል ነው፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው ከባዱ፣
ይህን ከማንም በላይ እኔ ነኝ የማውቀው።

ምክንያቱም ሐምሌ ሃያ ሦስት ወባ ጥሎኝ ነበር።
መውረድ አቃተኝ። ደብተሩን አወጣሁ ከትራስ ሥር፣
የትናንቱን ቁጥር ገለበጥኩ፦ ሁለት ከአርባ አንድ።
ለጠዋቱም። ለማታውም። ከዚያ ተኛሁ።

ማንም አላወቀ። ባሕር ዳር ያለው ሰው አልጠየቀ፤
ብርም አልከሰሰኝ፣ ድምፁን አሰምቶ ዘለቀ።
ያቺ ቁጥር ግን እንጀራ ውስጥ እንዳለ አሸዋ
ጥርሴ ሥር ትንኮሻኮሻለች፣ ሁሌ በእራት ሰዓት።
ሩፋኤል ዕለት የሰፈሩ ልጆች ዝናብ ሲጠመቁ
እኔም ከቆርቆሮው ጠርዝ እጄን ዘርግቼ ነበር፤
እጄ ረጠበ እንጂ ቁጥሯ አልታጠበችም።

ዓመቱን ሙሉ ምን ሠራሽ? ብትሉኝ፣ መልሴ አጭር ነው።
ያየሁትን ጻፍኩ። አንድ ቀን ያላየሁትን ጻፍኩ።
አሁን፣ ዓመቱ ሳያልቅ፣ ድልድዩ ላይ ተቀምጬ፣
ያን ገጽ ፈለግኩና፣ እስኪርቢቶዬን በትንፋሼ አሙቄ፣
ሁለቱንም ቁጥር በአንድ መስመር ሰረዝኩ፤
«ምርመራ» ከሚለው ሥር፣ ሁልጊዜ ባዶ ከሚሆነው፣
«አላየሁም» ብዬ ጻፍኩ።

ትንሽ ቃል ናት። ከሰባት መቶ ሠላሳ ቁጥር ውስጥ
ከልቤ የጻፍኳት እሷን ብቻ መሰለችኝ።

ስድስተኛ የላትም ጳጉሜ ዘንድሮ፤ መሽቷል።
ባትሪዬን አበራሁ፤ ጎንበስ አልኩ እንደ አባቴ፤
አንድ ከሰባ ስድስት። አነበብኩት ሁለቴ።
ፈረምኩ፣ ስሜን ከሥሩ፦ ጥሩሴት አንማው።
ነገ መስከረም አንድ፤ ደብተሩ አዲስ፣ ብር ግን ያው።